ቄጠማ አይንከባለልም

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ቀሚስ ጠርዝ ነው።

ቀየት ከተማ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። የዚያን ቀን አንዲት ደንበኛዬ ቀሚሷን እንዳሳጥርላት ከገጠር ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው የታችኛው ዙሪያ ሁሉ የቱልት ፍሬ ተጣብቆበታል። ቱልትን በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ በረት ጀርባና አጥር ሥር እንደ ልቡ የሚበቅል፣ ፍሬው ዙሪያውን መንጠቆ ያለው፣ ያላፊ አግዳሚውን ልብስ ይዞ አልለቅም የሚል አረም ነው። «ምናለ አራግፈሽ ብታመጪው» እያልኩ በጥፍሬ ስለቅም አንዱ ጣቴ መሃል ተፈረከሰ። ከመንጠቆው ውስጥ አንዲት ቡናማ ዘር ወጣች። ልጥላት ስል ጣቴን ቆረቆረችኝ። ወደ በሩ ብርሃን ወሰድኳትና አየኋት።

ሦስት ጎን! ሦስት ለስላሳ ፊት፣ ሦስት ስል ጠርዝ፣ ከላይ ሹል። እንደ ተወለወለ እንጨት ታበራለች። እኔ ዕድሜዬን በጠመኔና በመቀስ ስቀድ የኖርኩ ሴት፣ እንዲህ ጥርት ያለ ቅድ ወጥቶልኝ አያውቅም። ጮህኩ።

«ምነው፣ መርፌ ወጋሽ?» አለች ደንበኛዬ ብድግ ብላ።

«አልወጋኝም! ነይ እይ፣ ሦስት ጎን ነው!»

መጥታ መዳፌን አየች፤ ፊቴን አየች፤ እንደገና መዳፌን አየች። «እቴ፣ ቱልት እኮ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀሚሱ መቼ እንደሚደርስላት ጠየቀችኝ።

እኔ ግን አልበረደልኝም። እሷ ከሄደች በኋላ ከቀሚሱ ላይ የለቀምኩትን ፍሬ በሙሉ አንድ በአንድ ፈለፈልኩት። ሁሉም ሦስት ጎን ነው። አንዷ እንኳ ተሳስታ አራት አላወጣችም። በስልኬ አጉልቼ ፎቶ አነሳኋትና እዚያ ሰፈር ላለው ሁሉ አሳየሁ። ባለ ሻይ ቤቷ «የምን ከረሜላ ነው?» አለችኝ። ጎኔ ያለው ጫማ ጠጋኝ ደግሞ «አንቺ፣ ሥራ ፈትተሻል ማለት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ ሦስት ማዕዘንን የሚያውቀው በጭንቅ ቀን ነው። ሱሪ ጭኑ መሃል ሲተረተር፣ ቀሚስ ብብቱ ሥር ሲጠብ፣ መፍትሔው አንዲት ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ማስገባት ነው። ያቺ ቁራጭ ከገባች በኋላ ሰውየው እንደ ፈለገ ይጎንበስ፣ ይጨድ፣ በቅሎ ላይ ይውጣ፣ ልብሱ አይከዳውም። እኔ ይህን ከአሠሪዬ ተምሬ፣ በስንት ኩርኩም፣ ለማወቅ ዓመት ፈጅቶብኛል። ቱልት ግን ማንም ሳያስተምረው፣ በረት ጀርባ ሆኖ፣ ሲሠራው ኖሯል። ቅናት ቢጤ ያዘኝ፤ ደስታውም ግን ከቅናቱ በለጠ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት እምቢ አለ። ወጥ ልሠራ ነጭ ሽንኩርት ስልጥ ፍልቃቂዋን ይዤ እቀራለሁ፤ ሁለት ጠፍጣፋ ጎን፣ አንድ ጎባጣ ጎን፤ ዘይቱ እሳት ላይ ያራል። መንገድ ዳር ማገጥ ሳይ እጎነበሳለሁ። ማገጥ ለበግ ተስማሚ የሆነው ያ ባለ ሦስት ቅጠሉ ነው። መጀመሪያ «ይኸው ሌላ!» ብዬ ነበር፤ አድሬ ሳስበው ግን ሦስት ቅጠል ማውጣትና ሦስት ጎን መሆን ለየቅል መሆኑ ገባኝና ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ከቆላ በኩል ጨርቅ ይዘው የሚመጡ አንዲት ሙስሊም ነጋዴ አሉ፤ ለእሳቸውም ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ ጭብጥ የጉሎ ፍሬ ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሱ። «ይኸውልሽ፣ ለሕመምሽ» አሉኝ። እሾሃማውን ልጣጭ ስከፍተው በውስጡ ሦስት ክፍል፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ፍሬ። እሳቸውን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

እናቴ ዘንድ ስሄድም ይኸው ወሬ ነው። እሷ የምትኖረው ጓሳ ከምንለው የሣር ደጋ ወሰን በታች ነው። ቤቷ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። ክዳኑን ያስከደነው አባቴ ነው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ አልታደሰም። በሄድኩ ቁጥር በዚሁ እንጨቃጨቃለን። እኔ «ቆርቆሮ ላልብስልሽ» እላለሁ፤ እሷ «ጣራው ሣር ነው የሚፈልገው» ትላለች።

«ቆርቆሮ በረዶ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል፤ ሌሊት ውርጩን ሰብስቦ ራስ ላይ ያወርዳል። እኔ ከቆርቆሮ ሥር ከምተኛ ከበጎቹ ጋር ብተኛ ይሻለኛል።»

«እማዬ፣ ዘመኑን እይ እንጂ።»

«ዘመኑ ይብረደው!»

ሣሩ ግን እንደተፈለገ የሚታጨድ አይደለም። ጓሳ የጋራ ነው። ለዓመታት ይዘጋል፤ በተዘጋ ጊዜ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነሣም። ሣሩ ሲጎለምስ ሽማግሌዎቹ ይመክራሉ፣ ቀኑ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፣ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ወጥቶ ድርሻውን ያጭዳል። ከቀኑ በፊት አንድ ጭብጥ እንኳ ያጨደ ቤት ድርሻው ይቀራል፤ ዳግመኛ እስኪከፈት ድረስ፣ ስንትም ዓመት ይሁን፣ ቁጭ ብሎ የሰው ክዳን ያያል። ይህ ሕግ ለሀብታምም ለደሀም፣ ለቄስም ለመበለትም አንድ ነው።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም መሃል እናቴ ስልክ ደወለችልኝ። እናቴ የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ መቀሴን ጥዬ አነሣሁት።

«ሊከፈት ነው!» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጓሳ ነዋ! ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው ተብሏል። ድርሻዬን አጭዳለሁ፣ ከክረምት በፊት አስከድናለሁ። በይ ደህና ሁኚ፣ ካርዱ ያልቃል።» ድምጿ የልጃገረድ ድምፅ ነበር።

በሰሞነ ሕማማት ሱቄን ዘግቼ ወደ እሷ ወጣሁ። በእኛ ደብር የቅዳም ሹር ቄጠማ የሚመጣው ከእናቴ ማሳ ግርጌ ካለው ጨፌ ነው፤ ውሃ የማይለየው ረግረግ መሬት ነው፣ ከጓሳ ወሰን ውጭ። ቅዳም ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ የሚያድሉት፣ ሁላችንም እንደ አክሊል ግንባራችን ላይ የምናስረው ያ ቄጠማ ከዚያ ነው። አባቴ ያጭድ ነበር፤ እሱ ካለፈ በኋላ እናቴ ለማንም አሳልፋ አልሰጠችውም። ረቡዕ ማለዳ እሷ ማጭዷን ይዛ፣ እኔ መቀሴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወረድን። መቀሱ ሥራ ኖሮት አይደለም፤ ያለ እሱ ራቁቴን የሆንኩ ይመስለኛል።

ውሃው እግር ይቆርጣል። እናቴ የመጀመሪያውን ጭብጥ አጭዳ ሰጠችኝ። ከውስጡ አንዱን መዝዤ፣ ሳላስበው፣ እንደ ክር በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ላንከባልለው ሞከርኩ። እምቢ አለ። ቆንጥጦ ቆመ። ገፋ ሳደርገው ወደ ገደል እንደሚገለበጥ ድንጋይ ዘፍ ብሎ በሌላኛው ጎኑ ተቀመጠና እንደገና ቆመ። መቀሴን አንሥቼ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት። ዙሪያው አረንጓዴ፣ መሃሉ ነጭ ስፖንጅ፣ ቅርጹ ሦስት ማዕዘን!

«እማዬ! እማዬ! ቄጠማ አይንከባለልም!»

ቀና ሳትል «እንዲንከባለል ማን ለመነው?» አለችኝ።

እንዴት አድርጌ ላስረዳት! ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ግንባሬ ላይ ሳስረው ኖሬያለሁ፤ ወለል ላይ ተጎዝጉዞ ረግጬዋለሁ፤ ጠርዙ ቆዳዬ ላይ መስመር እስኪተው ድረስ ጠብቆ ታስሮልኝ ያውቃል። ሦስት ጎን መሆኑን ግን አላየሁም። ቁጭ ብዬ፣ ቀሚሴ ውሃ እየጠጣ፣ ያልታጨደውን ከላይ ወደ ታች አየሁት። ቅጠሎቹ ራሳቸው ወደ ሦስት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚወጡት፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ ሦስተኛው ወደዚያ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። በእጄ ስጫነው ይጎብጣል፣ አይሰበርም። አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ብብት ውስጥ የምታደርገውን እሱ ከሥር እስከ ጫፉ አድርጎታል። እናቴን በእጇ ጎትቼ አሳየኋት።

ጣቷን በጠርዙ ላይ አስኬደች። ከዚያ አንድ ረጅም ቄጠማ መርጣ መዘዘችና አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። «ያዢ። ልጃገረድ ሆነን የምንጫወተው ነበር። አንቺ በዚያ ጫፍ ስንጠቂ፣ እኔ በዚህ እሰነጥቃለሁ። ጎኑን ግን የተለያየ እንያዝ።» እኔ በአንዱ ጎን፣ እሷ በሌላው ጎን እየሰነጠቅን ወደ መሃል መጣን። ስንጥቆቹ ሲገናኙ ሁለት ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ቄጠማው መሃሉ ላይ ተከፍቶ አራት ማዕዘን መስኮት ሆነ። በመስኮቱ ውስጥ እናቴን አየኋት። እየሳቀች ነበር። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«በሕማማት አሳቅሽኝ፣ እግዚአብሔር ይይልሽ» አለችኝ። እንደገና ግን ሌላ መዘዘች።

ሸክሙን ያሰረችው እሷ ናት። ከጉያዋ ገመድ አውጥታ፣ ራስ ራሱን ባንድ ወገን አድርጋ፣ በሁለት ቦታ ጥርቅም አድርጋ አሠረችው። የጓሳ ሰው እጁ የሚያውቀው ይህን አስተሳሰር ነው፤ ለክዳን የሚሆን ሣር የሚታሰረው እንዲህ ነው። ቄጠማ ግን ሌላ ሰው ሁሉ እንደ ነገሩ አቅፎ ነው የሚወስደው። ይህ ያን ጊዜ ለሁለታችንም አልታየንም። እኔ ተሸከምኩት፤ እሷ ማጭዷን ይዛ ከኋላዬ ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ደግሞ የጓሳን ወሰን ታክኮ ነው የሚሄደው።

የጓሳ ጠባቂው ከድንጋይ ክምሩ ጀርባ ብቅ አለ። የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ አብረን ተምረናል። ሰላም አላለንም፤ በሕማማት ሰላምታ ስለሌለ አልተቀየምኩትም።

«የተሸከምሽው ምንድን ነው?»

«ቄጠማ ነዋ! ለቅዳም።»

«የቄጠማ ሸክም እንዲህ አይታሰርም። እማማ ደግሞ ማጭድ ይዘዋል። ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት!»

«ዓይን የለህም? ሦስት ጎን አለው! ንካው!»

እንደ እብድ አየኝ። «የሚነካውን ሽማግሌዎቹ ይንኩት» አለና ከፊት ከፊታችን ሄደ። ደሜ ፈላ። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ በባዶ ሆድ የተነሣ ንዴት ደግሞ መመለሻ የለውም። መንገዱን ሁሉ ስለፈልፍ እናቴ ቃል አልተነፈሰችም። «ተናገሪ እንጂ!» ስላት «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። የደከማት መሰለኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሕዝቡ እየሰገደ ነበር። ዕረፍት እስኪሆን ቆምን። ከዚያ የጓሳ ሽማግሌዎች ጉልበታቸውንና ግንባራቸውን አፈር እንደነካው መጥተው ከዋርካ የማይተናነስ አንድ ያረጀ ጥድ ሥር ተቀመጡ። መሃል የተቀመጡት ሽማግሌ እኔ ሕፃን ሆኜም ሽማግሌ ነበሩ። ብዙ አይናገሩም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉና ጠባቂውን አስቀደሙት። እሱ ያየውን ተናገረ፤ አልዋሸም፣ አልጨመረም። ሲጨርስ ሽማግሌው ወደ እናቴ ዞሩ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። መከፈቱን የሰማች ቀን በስልክ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ይህ ድርሻ ከቀረ ያ ጣራ ክረምቱን አይሻገርም። ሌላ መከፈት እስኪመጣ እሷም መኖሯን እንጃ። ዘልዬ መሃል ገባሁ።

«አባቴ፣ እባክዎ እጅዎን ይስጡኝ።» አንድ ቄጠማ ከሸክሙ መዝዤ ጣታቸው መሃል አስቀመጥኩ። «ያንከባሉት።»

ሞከሩ። ቆመ። እንደገና ሞከሩ። ለቀሩትም ሽማግሌዎች አንድ አንድ አደልኩ። መቀሴን አንሥቼ ፊታቸው ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩና ጫፉን አሳየኋቸው። «ይኸው! ሦስት ጎን ነው። የጓሳ ሣር አገዳው ድብልብል ነው፣ ጣት መሃል ይሽከረከራል። ይኼ አይንከባለልም። ከጨፌ እንጂ ከጓሳ እንዲህ ያለ አይበቅልም!» ዓይናቸው የደከመ አንዱ ሽማግሌ ቁራጩን በከንፈራቸው ዳስሰው «አንድ ሲሆን ሦስት!» አሉና አማተቡ። ሴቶቹ ተጠጉ። አንዷ መዘዘች፣ ሌላዋ መዘዘች፤ የግቢው ሰው ሁሉ ጣቱን እያሻሸ «እውነትም!» «ዘንድሮ ገና አየሁት!» ይባባላል። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ እቆርጣለሁ፣ አሳያለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የማውቅ አይመስለኝም። ቀየት ላይ የሳቁብኝ ሁሉ እዚያ በነበሩ!

ጠባቂው ብቻ አልተንቀሳቀሰም። ጎንበስ ብሎ ሸክሙ የታሰረበትን ገመድ ፈታ። ከግምዱ አንድ ዘለላ መዝዞ በጣቶቹ መሃል አደረገው።

«ይኼ ይንከባለላል» አለ።

ገመዱ ጓሳ ነበር። አሮጌ ገመድ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን በስንት ዓመት የለሰለሰ ገመድ አልነበረም፤ አዲስ የተገመደ፣ ገና ያልላላ ነው። ሕጉ ደግሞ አንድ ጭብጥም ይበቃል ይላል። ማንከባለሉን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትለኝ ነበር እናቴ፤ እኔ ግን የምለቅመውም አጣሁ።

«እህቴ፣ ይህን ሣር ከየት አመጣሽው?» አሉ ሽማግሌው።

እናቴ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳበች።

ሽማግሌው ገመዱን ተቀበሉ። ቀስ ብለው ግምዱን ፈቱት፣ አንዱን አገዳ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ከዚያ በአውራ ጣታቸው አሹት። ጣታቸው ጠቆረ። ጣታቸውን ለጎረቤታቸው ሽማግሌ አሳዩት፤ እሳቸውም አሸተቱት።

«ይህ ሣር ጭስ ጠግቧል» አሉ። «ሜዳ ላይ የቆመ ሣር ጥላሸት የለውም። ይህ ለዓመታት ከምድጃ በላይ የኖረ ነው።» ዓይናቸውን ወደ እናቴ አነሡ። «ከራስሽ ጣራ ነው?»

«የወደቀውን ነው» አለች እናቴ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «አልመዘዝኩትም። ራሱ እየለቀቀ ይወርዳል። ጠዋት ስነሣ ብርድ ልብሴ ላይ አገኘዋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ቄጠማ ያለ ገመድ አይሄድም፣ ሌላ ሣር ደግሞ የለኝም። የወደቀውን ገመድኩት።»

«ቤትሽ እንዲህ ከሆነ ለምን አልተናገርሽም? ሰው አጥተሻል? መንደሩ ተሰብስቦ ከየክዳኑ ጥቂት ጥቂት ባዋጣልሽ ነበር።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ወደ እኔ ጠቆመች። «ይቺ ትሰማለች ብዬ ነው። ከሰማች በማግስቱ ቆርቆሮ ጭና ትመጣለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሕማማት መሆኑን ረስቶ። ሽማግሌውም ፈገግ አሉ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «ድርሻዋ እንዳለ ነው» አሉና ተነሡ። ጠባቂው የተበተነውን ቄጠማ አንድ በአንድ ሰብስቦ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ እስከ ቅዳም እንዳይጠወልግ ውሃ ውስጥ ሊያኖረው ወደ ምንጩ ወረደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። እናቴ በጎቹን ልታስገባ ስትዘገይ ቀድሜ ገባሁ። ሁልጊዜ ስመጣ የምቀመጠው ከበሩ አጠገብ፣ ምድጃው ዳር ነው፤ የምተኛውም እዚያው ነው። ወደ እሷ መኝታ በኩል ያለፍኩት አሁን ብቻ ነው። ቀና አልኩ። ሰማይ ታየኝ። ቀዳዳ ነው ብዬ እንዳልል ትልቅ ነው፤ የበግ ግልገል ያሳልፋል። ከሥሩ ገበቴ ተቀምጧል፤ አልጋዋ ከቦታው ተገፍቶ ግድግዳው ጥግ ሄዷል፤ ብርድ ልብሱ ላይ ጥቁር ሣር ተበትኗል። አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም። ከሁሉ ይልቅ ግን ፈራሁ፤ በዚህ ሥር ያን ሁሉ ሌሊት ብቻዋን ተኝታለች።

ስትገባ እዚያው ቆሜ አገኘችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ሳልነግርሽ ቀረሁ?» አለችኝ፣ ነጠላዋን እያራገፈች። ቁጣ አልነበረባትም። «በመጣሽ ቁጥር ጣራው ሣር ይፈልጋል እልሻለሁ። አንቺ ቆርቆሮ ትይኛለሽ።»

እውነቷን ነው። ነግራኛለች፤ በዚያው ቃል፣ ስንት ዓመት። የቱልት ዘር ስንት ጎን እንዳለው ቆጥሬ፣ ለቀየት ሰው ሁሉ አሳይቼ፣ እናቴ የምትለኝን አልሰማሁም። ልጠይቃት የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ የት እንደምትሆን፣ ሌሊት ትነቃ እንደሆነ፣ ትፈራ እንደሆነ። የወጣልኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ማጭድ ሌላ አለሽ?»

«ለምንሽ?»

«ልስለው።»

«ገና እኮ ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ማለፍ አለበት።»

«አውቃለሁ። ሱቁን እዘጋለሁ። አብረን እናጭዳለን።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሱ ላይ የወደቀውን ሣር በመዳፏ ጠረገችና አጠገቧ ቦታ ሠራችልኝ።

«የአባትሽ አለ» አለችኝ። «ከበሩ ጉበን በላይ ነው። እሱ ካስቀመጠው ወዲህ ማንም አላወረደውም። አንቺ አውርጂው።»